ማቆም ካለብሽ በወረቀት አቁሚ

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ማስተርስ እማራለሁ። በአንደኛው ሴሚስተር ከአራት ኮርስ ሁለት ቢ፣ አንድ ቢ ማይነስ፣ አንድ ሲ ፕላስ አገኘሁ፤ አማካዬ 2.81 ሆነና ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) ገባሁ። ለሁለተኛው ከፍዬ ተመዝግቤያለሁ፣ ግን ሦስት ሳምንት አልሄድኩም። አባቴ ‹ብታቆሚ ታሳፍሪኛለሽ› ይላሉ። አንድ ዓመት ዝም ብዬ ብቀርስ? ሥራ ልልቀቅ? ዲፓርትመንት ልቀይር? ዲግሪው ደሞዝ ይጨምርልኛል?»

እህቴ፣ ማረፍ መብትሽ ነው። ዝም ብሎ መቅረት ግን ራስን መቅጣት ነው። ተመዝግበሻልና ስምሽ ከመምህራኑ ዝርዝር ላይ አለ። ፈተና ላይ ካልተገኘሽ አራቱም ኮርስ ኤፍ ሊሆን ይችላል። እስካሁን በአራቱ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ፣ ማለትም በ12 ክሬዲት፣ የሰበሰብሽው 33.75 ነጥብ ነው፤ ኤፍ ዜሮ ስለሆነ ይኸው ለሁለቱም ሴሚስተር 24 ክሬዲት ሲካፈል አማካይሽ 1.41 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዋርኒንግ ሳይሆን መባረር ነው።

በጊዜው ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ከሞላሽ ግን ኮርሶቹ ከአማካይ ስሌት ውጭ ይሆናሉ፣ 2.81ሽም እዚያው ይጠብቅሻል። አገራችን ውስጥ ማስተርስ ለመመረቅ የሚጠየቀው በአብዛኛው 3.00 ነው። ስትመለሺ በአራቱ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ሦስት ቢና አንድ ኤ ማይነስ ብታመጪ ድምሩ 72 ነጥብ በ24 ክሬዲት፣ ልክ 3.00 ይመጣል። ከዚያ በታች ግማሽ ነጥብ እንኳ አይተርፍሽም። ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ያነሳልኛል ብለሽ አትቁጠሪ፤ ብዙ ቦታ ውጤቱ «በጣም ጥሩ» ተብሎ በነጥብ ሳይሆን በቃላት ስለሚሰጥ አማካዩ ውስጥ አይገባም።

ሬጅስትራር ቅዳሜ ይከፈታል ብለሽ የሐረጎን ዳገት በከንቱ አትውጪ፤ ከፋብሪካው አንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ውሰጂ። መጀመሪያ የዊዝድሮው ማብቂያ ቀን አለማለፉን ከአካዳሚክ ካላንደሩ አረጋግጪ። ፎርሙ ላይ ምክንያትሽን ጻፊ፣ የፈረቃ ፕሮግራምሽን የሚያሳይ ደብዳቤ ከፋብሪካው አስጽፈሽ አያይዢ። ዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርማል፣ የድኅረ ምረቃ ቢሮ ያጸድቃል፣ ቤተ መጻሕፍትና ፋይናንስ ክሊራንስ (ዕዳ የለብሽም የሚል ማረጋገጫ) ይሰጣሉ፣ መጨረሻ ሬጅስትራር ማኅተም ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ኃላፊው ስለፈረመ ያለቀ ይመስለውና ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ፣ የክፍያ ደረሰኝሽንና የመመዝገቢያ ስሊፕሽን አንድ ላይ አስቀምጪ። ስንት ሴሚስተር ርቀሽ መቆየት እንደምትችዪና የከፈልሽው ገንዘብ ምን እንደሚሆን እዚያው ጠይቂ፤ መልሱን ከዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ላይ እንዲያሳዩሽ አድርጊ እንጂ በኮሪደር ወሬ አትመሪ።

መመለሱም በራሱ አይመጣም። ሪአድሚሽን (ተመልሶ የመግባት ፈቃድ) የሚጠየቀው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ደግሞ የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ላይ ብዙ ኮርስ የሚከፈተው በዓመት አንዴ ነውና፣ ያቋረጥሽው የሁለተኛ ሴሚስተር ኮርስ ከሆነ ማመልከቻሽን ለቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር አስቢው። በመስከረም ብትመለሺ የምትማሪው ኮርስ ላይኖር ይችላል።

አባትሽን አክብሪ፤ ሌሊት ፈረቃ የሚገቡት ግን እሳቸው አይደሉም። የሚያሳፍር ነገር ካለ አራት ኤፍ የተደረደረበት ትራንስክሪፕት ነው። የዊዝድሮው ወረቀቱን አሳዪአቸው፤ የመመለሻውን ወር ንገሪያቸው።

ሥራሽን አትልቀቂ፤ ለሚቀጥለው ክፍያ ገንዘቡ ከዚያ ነው የሚመጣው። የፈረቃ ለውጥ ግን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ፈረቃው ካልተስተካከለ የዛሬ ዓመት ያው ጉዳይ ይደገማል። ዲፓርትመንት መቀየር ዋርኒንግ ላይ ሆነሽ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። ደሞዙን በተመለከተ፣ የግል ፋብሪካ ስለ ዲግሪ ብቻ የመጨመር ግዴታ የለበትም፤ የሰው ኃይል ክፍሉን በደብዳቤ ጠይቂ።

ሦስት ሳምንት ቀርተሻልና አራተኛው ሳይሞላ ሬጅስትራር ሂጂ።