ስለ ቴሌብር፣ ስለ ባንክ አፕና ስለ ካሽ ጠይቁ፣ ካሸሩ ይመልሳል (ሐዋሳ)

ካሸሩ፦ ሰላም የሐዋሳ ሰዎች እንዴት አመሻችሁ። ለማታውቁኝ ባንክ መስኮት ላይ ብር ስቆጥር ኖሬ አሁን ሞኖፖል አካባቢ ሱቅ አለኝ፣ የሞባይል ገንዘብ ወኪልም ነኝ። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከዛ በፊት ግን ፒናችሁንና በሜሴጅ የሚመጣላችሁን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ ለኔም ቢሆን።

ጁስ ቤቷ፦ ጋሼ ሐይቅ ዳር ጁስ ቤት አለኝ። ቅዳሜ ማታ ልጆች መጥተው በልተው ጠጥተው ለአስተናጋጇ የቴሌብር ስክሪንሾት አሳይተዋት ሄዱ። ስሜም ብሩም ልክ ነው፣ በኋላ ሳይ ግን የገባ ነገር የለም።

ካሸሩ፦ እህቴ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ስክሪንሾት ፎቶ ነው፣ ፎቶ ደግሞ ማንም ይሰራዋል። ስምሽን፣ ብሩንና ሰዓቱን ሞልተውበት ደረሰኝ የሚመስል ነገር የሚያወጡ አፖች አሉ። ሜሴጅም ይሰራሉ፣ ከተራ ስልክ ቁጥር "ይህን ያህል ብር ተቀብለዋል" ብለው ይልኩልሻል፣ ትክክለኛው የቴሌብር ሜሴጅ ግን ከ127 ነው የሚመጣው። ብር ገባ የሚባለው ራስሽ ሂሳብሽን ከፍተሽ ስታዪው ብቻ ነው።

ልጅቷን ግን እንዳትቆጫት፣ ከደሞዟም እንዳትቆርጪ። ሜሴጁ የሚገባው ያንቺ ስልክ ላይ ነው፣ አንቺ ደግሞ ቤትሽ ነሽ። እሷ ትሪ ይዛ ቆማ የደንበኛውን ስልክ ከማየት ውጪ ምን ታድርግ? ብር የሚበላው እንደዚህ ነው፣ ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ከቶ ይሄዳል፣ ሰራተኛው በጭፍን ይቀበላል። በግል ቁጥርሽ መቀበል ተዪና የነጋዴ አካውንት አውጪ፣ ሲሙን ርካሽ ባለ በተን ስልክ ውስጥ ክተቺና ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ፣ ከዛ አይነሳ። አስተናጋጇ "ገብቷል?" ትላለች፣ ባንኮኒ ያለው አይቶ "ገብቷል" ሲል ደንበኛው ይሄዳል። ሁለት ጠረጴዛ እኩል 340 ብር ሂሳብ ሲኖራቸው ደግሞ አንዱ በሌላው ሜሴጅ ተሸፍኖ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ የግብይት ቁጥሩን መጨረሻ ከደንበኛው ስልክ ጋር አስተያዩ። ማታ ስትዘጉ የገባውን ከሽያጩ ጋር አመሳክሩ፣ እኛ ባንክ ቤት ሳንቲም ሳይቀር ካልገጠመ ወደ ቤት አንሄድም ነበር።

ኪውአር ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁም ጠዋት ጠዋት ራሳችሁ ስካን አድርጉና የሚወጣውን ስም አንብቡ፣ በላዩ የራሱን ለጥፎ የሚሄድ አለ።

አቢ፦ ቴሌብሬ አይሰራም ምን ላድርግ

ካሸሩ፦ ምኑ ነው የማይሰራው? አፑ አይከፍትም? ፒን ረሳህ? ብር ወጥቶ አልደረሰም? እንደዚህ ተጠይቆ ምን ተብሎ ይመለሳል።

ባለ ባጃጁ፦ እኔ የምጠይቀው ከአቶቴ ፒያሳ ለምትከፈል ትንሽ ብር ስልክ አውጥቶ "ቁጥርህን ንገረኝ" የሚል ተሳፋሪ አለ፣ ኔትወርክ ሲጠብቅ ኋላዬ ያለው ክላክስ ያደርጋል። ካሽ ብቻ ብል ጥፋት አለው?

ሰላም ነኝ፦ እናንተ ደግሞ መቼ ዝርዝር ይዛችሁ ታውቃላችሁ! 100 ብር ስንሰጥ "ዝርዝር የለም ውረጂ" ነው

ባለ ባጃጁ፦ ጠዋት 12 ሰዓት 200 ብር ይዘሽ ወጥተሽ እኔ ከየት አመጣልሻለሁ? ባንክ ነኝ?

ሰላም ነኝ፦ ባንክ ካልሆንክ ቴሌብር ተቀበል

የታቦሩ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው

ካሸሩ፦ ጨረሳችሁ? ባለ ባጃጁ፣ አንተ ቤንዚን በምን ነው የምትቀዳው? ነዳጅ ማደያ ላይ ከ2015 ሚያዝያ አዲስ አበባ ተጀምሮ ከዛ በየክልሉ ክፍያው በስልክ ሆኗል። ስለዚህ አንተ ቀኑን ሙሉ ካሽ ትሰበስብና ማታ እኔ ጋ መጥተህ "ጋሼ አስገባልኝ" ትላለህ፣ ያስገባኸውን ወስደህ ማደያ ትከፍላለህ። ከተሳፋሪው በቀጥታ ብትቀበል እኔ ጋ መሰለፍ ይቀርልሃል፣ እኔ ኮሚሽን ይቀርብኛል እንጂ ላንተ ይሻልሃል። ቁጥር መናገሩንም ተወው፣ ኪውአሩን ከወንበርህ ጀርባ ለጥፍ፣ ተሳፋሪው ሳይወርድ እየሄዳችሁ ይክፈል። ኔትወርክ ከሌለ ካሽ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ባለ ባጃጁ፦ ሳይገባ ወርዶ ቢሄድስ?

ካሸሩ፦ ሜሴጁ ሳይደርስህ አታውርደዋ።

ነጋዴው፦ ባንክ አሁን 15 በመቶ ቫት እየቆረጠ ነው ይባላል፣ 10 ሺህ ብር ብልክ 1,500 ሊበላኝ ነው? ካሽ አይሻልም?

ካሸሩ፦ ኧረ በፈጠረህ! ይሄን ወሬ ማን እንደሚነዛው አላውቅም፣ ሱቄም መጥተው የሚጠይቁኝ አሉ። 15 በመቶው የሚታሰበው በአገልግሎት ክፍያው ላይ ነው፣ በምትልከው ብር ላይ አይደለም። የማስተላለፊያው ክፍያ 10 ብር ነው እንበል፣ ቫቱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አለቀ።

ነጋዴው፦ እሺ ገቢዎች ግን በስልክ የገባውን ሁሉ ያየዋል አይደል?

የታቦሩ፦ እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው 😂 ሰው ሁሉ ካሽ የሚወደው ለዚህ ነው

ሰላም ነኝ፦ እኛ ደሞዝተኞቹ ብር እጃችን ሳይገባ ነው የሚቆረጥብን፣ እናንተም ክፈሉ

ነጋዴው፦ የሱቅ ኪራይ አንቺ ትከፍይልኛለሽ?

ካሸሩ፦ ግብር የሂሳብ ባለሙያህን ጠይቅ። እኔ የምለው የቤትና የሱቅ ብር አንድ ቁጥር ላይ አታቀላቅል፣ እህትህ ለሰርግ የላከችልህን ብር ሽያጭ አለመሆኑን ማስረዳት ይቸግርሃል።

ኪሩ፦ ክሪፕቶስ ጋሼ፣ እነ ቢትኮይን?

ካሸሩ፦ አላውቅበትም፣ ብሔራዊ ባንክም ለክፍያ አልፈቀደውም። ቀጣይ።

ማሜ፦ አንድ ሰው ደውሎ "በስህተት 3,000 ብር ልኬልሃለሁ መልስልኝ" አለኝ፣ ሜሴጁም አለ

ካሸሩ፦ ሂሳብህ ላይ አለ? ሜሴጁን አላልኩህም፣ ሂሳብህን። ከሌለ አጭበርባሪ ነው። ካለም ለደወለው ቁጥር በራስህ አትላክ፣ 127 ደውለህ አስመዝግብና በነሱ በኩል ይመለስ። ራሱ የተሳሳተ ሰውም ቶሎ ይደውል፣ ለባንክ ከሆነ ለባንኩ፣ ንግድ ባንክ 951 ነው። ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ስም ይወጣላችኋል እኮ፣ አንብቡት!

የኔነሽ፦ ጋሼ እኔም ስክሪንሾት ታይቶኝ ብሩ ሳይገባ ቀረ፣ ምን ላድርግ?

ካሸሩ፦ ከላይ ለጁስ ቤቷ የመለስኩትን አንብቢ። ሁለተኛ አልጽፈውም።

የወንዶ ገነቷ፦ እናቴ ገጠር ናት፣ ስማርት ስልክ የላትም፣ ማንበብም አትችልም። ብር ስልክላት የጎረቤት ልጅ ነው የሚያወጣላት።

ካሸሩ፦ ስማርት ስልክ አያስፈልጋትም፣ *127# በማንኛውም ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። የጎረቤት ልጁ ፒኗን ያውቀዋል ማለት ነው? እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ቀን ብር ቢጎድል እናትሽም እሱን ትጠረጥራለች እሱም ይቀየማል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ፊደል ባታውቅም ቁጥር ታውቃለች፣ ስልክ ትደውል የለ? ፒኑን ራሷ እንድትመርጥና ራሷ እንድትነካ አስለምጂያት፣ ወኪሉ ጋም ስትሄድ ፒኑን የምትጫነው እሷ ናት፣ ወኪል ፒን አይጠይቅም። እኔን ጨምሮ የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው።

የወንዶ ገነቷ፦ ቅዳሜ ሐዋሳ ትመጣለች፣ ሱቅ ይዣት ልምጣ?

ካሸሩ፦ አምጪያት። ጠዋት ግን ይሁን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል ኔትወርኩም ይንቀራፈፋል። መታወቂያዋን እንዳትረሺ።