የጋዝ ቋጠሮ ጭራ የሚያወጣው ለምንድን ነው?

«በከዋክብት መካከል የሚፈስ ፕላዝማ የጋዝ ቋጠሮን ሲመታ ወዲያው በመበተን ፈንታ ጭራ የሚያወጣው ለምንድን ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን፦ ደሴ ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎች ይህንኑ ያነሱብኝ ነበር። ፕላዝማ ማለት አቶሞቹ ኤሌክትሮን ያጡ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ ነው፤ የጋዝ ቋጠሮ ደግሞ በጠፈር ውስጥ ተጠጋግቶ የተጠራቀመ ጋዝ ነው።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጠራ ወደ ቦርከና ወስጄ ድንጋይና የቀይ አፈር ጓል ወራጁ ውስጥ አስቀምጥላቸዋለሁ። ከድንጋዩ በስተኋላ ውሃው ይሽከረከራል እንጂ ቀለም አይታይም። ጓሉ ግን ጎንና ጎኑ እየተላጠ ቀይ ክር ይዘረጋል፤ ክሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄድና ራቅ ሲል ይጠማዘዛል። ከጓሉ ኋላ ፍሰቱ ረገብ ስለሚል አፈሩ ቶሎ አይበተንም። ብዙዎቹ «ውሃው ጎትቶት ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ጭራው ከጓሉ ከራሱ የተላጠ አፈር መሆኑን እስኪያዩ አልለቃቸውም።

ቋጠሮውም ከከበበው ፕላዝማ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በአንዴ አይገፋም። ፍሰቱ ዙሪያውን እያለፈ ላዩን ይልጣል፤ የተላጠውን ስስ ጋዝ ይዞት ይነጉዳል። ከወንዙ የሚለየው ፍሰቱ ብዙ ጊዜ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ከቋጠሮው ፊት የግፊት ማዕበል መቆሙ ነው። በዚያ ላይ ፕላዝማው የተሸከመው ማግኔታዊ መስክ በቋጠሮው ራስ ላይ ተጠምዞ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃንስ አልቬን በ1957 እ.ኤ.አ. የጅራታም ኮከብን የአዮን ጭራ (ከፕላዝማ የተሠራውን ጭራ) ያብራራው በዚሁ መንገድ ነበር።

ሁሉም ጭራ ግን በመላጥ ብቻ አይመጣም። ደለው (አኳሪየስ) በተባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ባለው ሄሊክስ ኔቡላ (እየሞተ ያለ ኮከብ በተፋው የጋዝ ደመና) ውስጥ ሀብል ቴሌስኮፕ ያሳያቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ቋጠሮዎች ጭራቸውን ከመካከለኛው ኮከብ በተቃራኒ ይዘረጋሉ። የኮከቡ በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ፊታቸውን እያተነነ ከኋላቸው ጥላ ይጥላል፤ በጥላው ውስጥ ያለው ጋዝም ከጨረሩ ይተርፋል። በእኔ አመለካከት ስለ ሄሊክስ ሲነሳ ጥላውን ረስቶ የሚልጠውን ፍሰት ብቻ ማውራት ጎደሎ መልስ ነው።

የሚሮጠው ቋጠሮው ይሁን ፕላዝማው ለውጥ የለውም፤ ወሳኙ በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት ነው። ሚራ የተባለው ኮከብ በሰከንድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፈ የሚተፋው ጋዝ 13 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጭራ ሆኗል። ኮከቡ በሚደምቅበት ወቅት ከላስታ ተራሮች ላይ ሆነህ በዓይንህ ልታየው ትችላለህ። ጭራው ግን የተገኘው ጋሌክስ የተባለችው ሳተላይት በአልትራቫዮሌት ስትቃኘው ነው፤ በዓይን አትፈልገው።