ከኳሱ ጀርባ የሚቆመው ተጨማሪ ተከላካይ

ጥያቄ፦ በለገጣፎ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። የአውስትራሊያ እግር ኳስ (ከተለመደው እግር ኳስ የተለየ፣ ኳሱ በእጅም የሚያዝበት ስፖርት) የፍጻሜ ጨዋታ ሲቃረብ አንድ ጉዳይ ዘወትር ያከራክረናል። ግማሾቻችን ቡድናችን ተጨማሪ ተከላካይ ወደ ኋላ ይመልስ ስንል፣ ሌሎቻችን የአጥቂው ክፍል ይሳሳል እንላለን። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እኔ ተጨማሪውን ተከላካይ እደግፋለሁ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኳሱ ከመሐል ሜዳ ሲጀመር የየቡድኑ 18 ተጫዋቾች በተከላካይ፣ በመሐልና በአጥቂ ክልል ስድስት ስድስት ሆነው እንዲቆሙ ደንቡ ያስገድዳል፤ ሆኖም በዚህ ስፖርት የኦፍሳይድ ሕግ ስለሌለ፣ ጨዋታው እንደተጀመረ አንዱ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ የሚከለክለው የለም። ይህ ተጫዋች ቢያንስ 15 ሜትር ተጉዞ የመጣን የተቀናቃኝ ምት መሬት ሳይነካ በእጁ ከያዘ፣ ማንም ሳይነጥቀው ተረጋግቶ የመምታት መብት ያገኛል፤ መልሶ ማጥቃቱም ከዚያው ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥቅም ይበልጥ ያሳምነኛል፦ መሐሉ ሲዘጋበት ተቀናቃኝ ከጠባብ ማዕዘን ለመምታት ይገደዳል፤ በሁለቱ መሐል ቋሚዎች መካከል የሚገባው ኳስ 6 ነጥብ ሲያስገኝ በጎናቸው የሚያልፈው ግን 1 ብቻ ነው። ያም ቢሆን አንዷን ነጥብ አትናቋት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የፍጻሜ ጨዋታ ብሪዝበን 13 ጎል አስቆጥሮ፣ 12 ጎል ባገባው ኮሊንግዉድ 90 ለ86 የተሸነፈው በእነዚሁ ነጠላ ነጥቦች ነው።

የአጥቂው መሳሳት ስጋትም እውነት ስለሆነ፣ ቡድናችሁ በአራተኛው ሩብ እየተመራ ከሆነ ያ ተከላካይ ሳይዘገይ ወደ ፊት ይመለስ።