ሰኞ ደሴ ወይስ ባቲ? ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ጉዞ ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ረፋድ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ እንደርሳለን፤ ማክሰኞ ከሰዓት እንመለሳለን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ደሴን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስንና የባቲን ገበያ ማየት፣ ጋቢና ቅቤም መግዛት እንፈልጋለን። ቀኑ ይበቃናል? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ ቀኑ ይበቃችኋል፤ የሚያስቸግራችሁ ሰኞ ነው። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው፤ የደሴው ሰኞ ገበያም ስሙ እንደሚለው የሚደምቀው በዚያው ቀን ነው። ከደሴ ባቲ ደርሶ መልስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ሁለቱን በአንድ ቀን እናዳርስ ካላችሁ አንዱን ገና ሳይሞላ፣ ሌላውን ተበትኖ ታዩታላችሁ። ለዓይን ባቲ ይበልጣል፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ከቆላና ከደጋ ወጥቶ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ለመግዛት ግን ደሴ ይሻላል።

ከፍታውን አስቡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻም ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥታችሁ እያያችሁ ብትወርዱ መንገዱም ጓዙም ይቀላል። ቅዳሜ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ደሴ ውጡ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎ ጠመዝማዛ ስላለበት በርቀቱ አትገምቱት፤ ጉም ከወረደ ደግሞ ይብሳል። እናትዎን ፊት ወንበር ያስቀምጧቸው፤ ለሚያጥወለውለውም ለጉልበትም ይረዳል። ጋቢውን የዚያን ቀን ከሰዓት ፒያሳና አራዳ አካባቢ ካሉ ሱቆች መግዛት ይቻላል፤ የገበያ ቀን አይጠብቅም።

እሑድ ሐይቅ ሂዱ፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ አስቀድመው ይወቁት፦ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን ስፍራ እናትዎ፣ ሴት ከሆኑ እርስዎም፣ ከውጭ ነው የምታዩት። ያም ሆኖ ጉዞው አያስቆጭም። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ማስጠበስ፣ ወፎቹንም ማየት ለጉልበት ሕመምተኛ ከየትኛውም ገበያ የተሻለ ውሎ ነው። ዓሣው በጥልቅ ዘይት ስለሚጠበስ ትኩሱን ይብሉ፤ የቀዘቀዘውን አሙቀው ካቀረቡላችሁ ሥጋው ይደርቃል፣ ሽታውም ይለወጣል።

እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እደሩ። ሰኞ በማለዳ ተነሥታችሁ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ባቲን ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብታዩ ሙቀቱ ሳይበረታ ትመለሳላችሁ። ውሃ፣ ባርኔጣና ዝርዝር ብር ይያዙ። ሰው ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ በተለይ ግመልና ከብት ተራ ላይ ሰው ንግድ ላይ ስለሆነ ካሜራ አይወድም። የመንገዱን ሁኔታ እዚያው መናኸሪያ በዕለቱ መጠየቅ አይርሱ። ቅቤው ግን በዚህ ዕቅድ አይመችም፤ ምክንያቱን ከታች ለሌላ ጠያቂ በሰጠነው መልስ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ “የእጅ ፈትል ነው” ተብዬ የገዛሁት ጋቢ ከሁለት እጥበት በኋላ ላዩ ጥቃቅን ፍሬ አወጣ፣ ጥለቱም ነጩን አቀለመው። እንዴት ነው የሚለየው?

መልስ፦ ፍሬ ካወጣ በማጉ (በአግድም በሚገባው ክር) ውስጥ ሰው ሠራሽ ክር ሳይገባበት አይቀርም። ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው) የፋብሪካ ክር መሆኑ ነውር አይደለም፤ ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ በፋብሪካ ድር ላይ ነው የሚሠራው፤ የእጅ ፈትል ድር ቶሎ ይበጠስበታላ። ዋጋውን የሚወስነው ማጉ ነው። ጋቢውን ወደ ብርሃን ዘርግተው አንዱን ማግ በዓይንዎ ይከተሉ። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ የማሽን ነው። ማሽን ሆኖም ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚለየው እሳት ነው። አስፈቅደው አንድ ክር ከዘርፉ፣ አንድ ክር ከጠርዙ ይምዘዙና በክብሪት ያቃጥሏቸው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ከድሩም ከማጉም ለየብቻ መሞከር አለበት፤ ከዘርፉ ብቻ ከመዘዙ የሚያቃጥሉት ድሩን ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ማግ ለማግኘት ከጠርዙ በኩል ብቅ ያለ ክር ይፈልጉ። ነጋዴው ካልፈቀደ ቀጣዩ ሱቅ ቅርብ ነው።

ለጥለቱ ነጭ መሐረብ በምራቅም በውሃም አርጥበው ጠንከር አድርገው ይሹት። መሐረቡ ላይ ቀለም ከቀረ ጋቢዎም ላይ ይቀራል። ጋቢ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ሁለት እጥፉን አወፍረው “ጋቢ” የሚሉ ስላሉ ጥጉን ገልጠው ይቁጠሩ። መጋጠሚያ ስፌቱንም ግራና ቀኝ ሳብ አድርገው ይዩት፤ ስፌቱ ከተከፈተ ቤትዎ እንደደረሱ ያሰፉታል ማለት ነው። የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ከልክዎ አንድ ስንዝር አስረዝመው ይግዙ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይጨመቅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ።

የበግ ጸጉር ባና ወይም ምንጣፍ ካሰባችሁም በእሳት ፈተናው የተቃጠለ ጠጉር መሽተት አለበት። ቆላ ለሚወስደው ሰው ብል አደገኛ ነው፤ በየወሩ ፀሐይ ላይ አራግፉት።

ጥያቄ፦ የደሴ ቅቤና ጩጎ ሳይበላሽ አዲስ አበባ እንዴት ይደርሳል?

መልስ፦ ጥሬ ቅቤ ውስጥ ከአምስት አንዱ እጅ ያህል ውሃና አሬራ ነው። ደሴ ብርድ ላይ ጠንክሮ የተገዛ ቅቤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይለሰልሳል፤ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ይቀልጣል። ያን ጊዜ አሬራው ይለይና መኮምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ ወይ በመነሻችሁ ቀን ጠዋት ግዙና በዚያው ቀን ግቡ፣ ወይ ደሴ ላይ ዘመድ ካላችሁ አስነጥራችሁ ውሰዱ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲነጠር ከ750 እስከ 800 ግራም ይወጣዋል፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ውሃ ወይም ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ እዚያው ሰኞ ገበያ አሉ።

ሲገዙ ከላይ የተለሰነውን አይቅመሱ፤ ነጋዴው ዱላውን ወይም ማንኪያውን መሀል ድረስ ሰክቶ ከዚያ ያቅምስዎ። ላዩ ለጋ፣ ሆዱ የከረመ ቅቤ ብዙ ነው። በማንኪያ ጥቂት ቢያቀልጡ ንጹሑ አረፋ ያወጣል፣ ሥር ላይም ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፤ የአትክልት ቅባት የገባበት መዓዛው ሳሳ ይላል። ዕቃው አፈ ሰፊ ፕላስቲክ ይሁን፣ እስከ አፉ አይሞላ፣ ሁለት ፌስታል ይደረብበት። በአውሮፕላን ለሚሄድ ቅቤም ማርም በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ ከያዙት ፍተሻ ላይ ሊወሰድብዎ ይችላል።

ጩጎ ከቅቤ ይልቅ መንገድ ይችላል፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤና በቅመም የታሸ ነውና እርጥበት የለውም። ጨበጥ ሲያደርጉት ቅርጹን ይዞ እጅዎን ብቻ ወዛ ካደረገ ጥሩ ነው። ቅባቱ ዕቃው ሥር ከተጠራቀመ ቅቤው በዝቷል ወይም ሞቆበታል። ሲያሸቱት ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ካለው ቅቤው የቆየ ነው፤ ቅመሙ አያታልልዎ።

ጥያቄ፦ ለሥራ መጥቼ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው ያለኝ። ታሪክ ነክ ምን ልይ?

መልስ፦ አይጠየፍ አዳራሽን። ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ማብያ ያሠሩት ነው፤ ስሙም ድሃ ከጌታ ሳይለይ የሚበላበት መሆኑን ይናገራል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፤ በድሮ የጉብኝት መጽሐፍ የተዘረዘረውን ሁሉ አገኛለሁ ብለው አይሂዱ፣ ክፍት መሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ። መኪና ካለዎት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ከከተማው ሰሜን ቅርብ ነው። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳን ተራራ ለከሰዓት አያስቡት። በክረምት ጉሙ ቶሎ ይለብሰዋል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በጠዋት ነው ከተማዋን ከላይ አጥርቶ የሚያሳየው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ሁልጊዜ እጥፍ ያስከፍለኛል። ታሪፍ የለውም?

መልስ፦ ባዶ ባጃጅ አስቁመው የሚሄዱበትን ብቻ ተናግረው ከገቡ ሾፌሩ ኮንትራት ነው ብሎ ይይዘዋል። ከመግባትዎ በፊት “በሰው ነው?” ይበሉ። ደሴ በሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች ረጅም ከተማ ስለሆነች አብዛኛው የሚፈልጉት ቦታ ከዋናው መንገድ አይርቅም፤ በሰው ሄደው ጥቂት በእግር ቢጨምሩ ይደርሳሉ። ሻንጣ ከያዙ ግን ኮንትራቱን ራስዎ ይጥሩ፣ ዋጋውንም ሻንጣው ሳይጫን ይቁረጡ።