ስለ ፋርስ ድንጋይ ቀራጮች የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ጠይቁኝ

እኔ በሙያዬ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። የፋርሶችን ሥራ ለዓመታት ሳነብና ፎቶውን ሳገላብጥ ኖሬአለሁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፐርሴፖሊስ ላይ ሐበሻ ተቀርጿል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው ልጄ። ፐርሴፖሊስ በዛሬዋ ኢራን ያለ የጥንት የፋርስ ነገሥታት ከተማ ነው። አፓዳና በሚባለው የንጉሡ አዳራሽ ደረጃ ላይ ስጦታ ይዘው የተሰለፉ የ23 አገር ሰዎች አሉ። በመጨረሻው ቡድን ከሦስቱ አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል፤ ሌላው የዝሆን ጥርስ በትከሻው አድርጎ እንስሳ ይስባል። ቀጭኔ ነው፣ ኦካፒ (አንገቱ አጭር የሆነ የቀጭኔ ዘመድ) ነው እያሉ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ለእኔ አንገቱ ለቀጭኔ ያጥርብኛል። ሰዎቹ የኩሽ ሰዎች ናቸው። ኩሽ ከግብጽ በስተ ደቡብ፣ በዛሬው ሱዳን የነበረ አገር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ኢትዮጵያ ይለዋል። መጽሐፈ አስቴር ላይ «ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ» የሚለውም የዚሁ የፋርስ ግዛት ወሰን ነው።

ጥያቄ፦ በምን መሣሪያ ሠሩት?

መልስ፦ ይኼ ነው የእኔ ጥያቄ! ድንጋዩ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከዚያው ከአካባቢው ተራራ የተፈለጠ። መጀመሪያ በሹል መሮ ይበላዋል፣ ቀጥሎ በጥርሳም መሮ፣ ከዚያ በጠፍጣፋው፣ በመጨረሻ ታሽቶ ይለሰልሳል። ጥርሳሙ መሮ ከግሪኮች የመጣ ነው። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስም ሱሳ በተባለችው ሌላ ከተማው ላስገነባው ቤተ መንግሥት ባስጻፈው ጽሑፍ ድንጋይ ጠራቢዎቹ የኢዮንያና የሰርዴስ (በዛሬዋ ቱርክ ምዕራብ ያሉ፣ ኢዮንያ የግሪኮች አገር) ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል፤ የዝሆን ጥርሱ ከኩሽም እንደመጣ እዚያው አለ። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ኖራ አይደለም። ብረት አግብተው የቀለጠ እርሳስ ያፈሱበታል። በኋላ ዘመን ሰው ብረቱን ፈልፍሎ ወስዶታል፤ ቀዳዳው ዛሬም ይታያል። ፐርሴፖሊስ ከሄዳችሁ ሳያልቅ የቀረውን በር እንዳታልፉት። ያለቀው ሥራ የእጁን መንገድ ይደብቃል፤ ያላለቀው ግን የትኛው መሮ የት እንዳረፈ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ባሮች ናቸው የሠሩት?

መልስ፦ በ1933 እ.ኤ.አ. እዚያው የተገኙት የሸክላ ሰሌዳዎች ለሠራተኞች የተሰፈረ እህል፣ ወይንና ቢራ ይመዘግባሉ። ምን ያህል በፈቃዳቸው እንደመጡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ግራጫ ነበር?

መልስ፦ የለም፣ ቀለም የተቀባ ነበር። ሰማያዊና ቀይ ርዝራዥ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ከላሊበላ ጋር ይመሳሰላል?

መልስ፦ ፐርሴፖሊስ በአብዛኛው ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ ላሊበላ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ። የሚቀርበው በፐርሴፖሊስ አጠገብ ያለው ናቅሽ ሩስታም ነው፦ አራት የነገሥታት መቃብር በገደል ላይ ተፈልፍሏል። ከሥሩ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሳሳናውያን የተባሉት የኋላ ዘመን የፋርስ ነገሥታት የራሳቸውን ምስል ቀርጸዋል፤ አንዱ ላይ የሮሙ ንጉሥ ቫሌሪያን በንጉሣቸው በሻፑር ፊት ተማርኮ ይታያል።

ጥያቄ፦ ዛሬስ ሙያው አለ?

መልስ፦ አለ። በኢራን ማሽሃድ ከተማ ከለስላሳ ድንጋይ ሀርካሬ የሚሉትን ድስት ይሠራሉ፤ በግና ሽንብራ ይቀቀልበታል። ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ልክ እንደ ሸክላ ድስታችን።