ከባድ ጋላቢና ከፍ ዝቅ የሚል የኮርቻ ዘንግ

ጥያቄ፦ ክብደቴ 115 ኪሎ ነው። ለተራራ ብስክሌቴ ድሮፐር የሚባለውን፣ ከመሪው ላይ በምትጫን ማዘዣ ከፍ ዝቅ የሚል የኮርቻ ዘንግ ልገዛ አስቤ፣ አይሸከመኝ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፦ ከዋጋው አስቀድመው አምራቹ በመመሪያው ያሰፈረውን የክብደት ጣሪያ ያንብቡ፤ በጀርባዎ የሚያዝሉት ውሃና ዕቃም ጭነት ነውና ይደምሩት። የዘንጉን ውፍረት የሚወስነው የፍሬሙ ቀዳዳ ሲሆን፣ የተለመዱት ልኮች 30.9፣ 31.6 እና 34.9 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ወፍራሙ መተጣጠፍን በተሻለ ስለሚቋቋም፣ 27.2 ሚሊ ሜትሩን ቀጭን ዘንግ ለእርስዎ አልመርጠውም። ብዙ የሚወርድ ዘንግ ቢያጓጓም፣ ሲዘረጋ ከፍሬሙ በላይ የሚቀረው ክፍል በረዘመ ቁጥር መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚበረታ፣ ዘንጉ ቢያንስ በራሱ ላይ እስከ ተመለከተው ምልክት ድረስ ወደ ፍሬሙ መግባቱን ያረጋግጡ።