ጥቁር ጉድጓድ ይማርከኛል፤ ሥራው ግን ለእኔ ይሆናል?

«የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ስበት ሞገድና ስለ ጥቁር ጉድጓድ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በሒሳብ ግን ከክፍሌ ቀዳሚ አይደለሁም፤ መስኩም ለልዩ ሊቃውንት ብቻ ነው ይሉኛል። ልተወው?»

ውድ ጠያቂዬ፣

አትተዪው። ከመግባትሽ በፊት ግን ሥራውን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ የሚማርክሽ ነገርና ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠሪው ነገር አንድ አይደሉምና።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ፣ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን የሚገኙት ላይጎ የተባሉ የስበት ሞገድ መመርመሪያዎች ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የመጣ የስበት ሞገድ፣ ማለትም የኅዋና የጊዜ መርገብገብ፣ ያዙ። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው ሲዋሃዱ የተነሣ ሞገድ ነበር፤ ምልክቱ የቆየው ለ0.2 ሰከንድ ያህል ነው። ሌዘር የሚመላለስበት የመመርመሪያው ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሞገዱ በዚህ ርዝመት ላይ ያመጣው ለውጥ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ይህን የሚሰማ መሣሪያ ሌላውንም ሁሉ ይሰማል፦ የባሕሩን ማዕበል፣ የሚያልፈውን ከባድ መኪና፣ በሩቅ አገር የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ። በሃንፎርድ አንድ ጊዜ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ መረጃውን ደጋግሞ ይረብሽ ነበር። ተመራማሪዎቹ ፈለጉን ተከትለው ሲወጡ፣ በውጭ ባለ ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ የተጋገረውን በረዶ ቁራዎች በምንቃራቸው እየወጉት አገኙ።

የዚህ ሙያ አብዛኛው ቀን ቁራውን ፍለጋ ነው። ይህን ስታነቢ «እንዴት ደረሱበት?» ብለሽ ከጠየቅሽ፣ ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይልቅ እኔ የማምነው ያንን ጥያቄሽን ነው።

ስለ ሒሳቡ እውነቱን ልንገርሽ። ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባብሊቲና የፉሪየር ትንተና (ምልክትን ወደ ድግግሞሾቹ መበተን) በደንብ ሊገቡሽ ይገባል፤ ከእነዚህ ማምለጫ የለም። ነገር ግን ያ የ2015ቱ የመጀመሪያ ግኝት በታተመበት ጽሑፍ ላይ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ስም ሰፍሯል፤ ሁሉም በአንድ በር የገቡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት የተጋሩትን ሦስቱን ብቻ ተመልከቺ። ኪፕ ቶርን የንድፈ ሐሳብ ሰው ናቸው። ራይነር ዋይስ መሣሪያ ሠሪ ነበሩ፤ ገና እ.ኤ.አ. በ1972 መሣሪያውን ሊያውኩ የሚችሉትን የጫጫታ ምንጮች አንድ በአንድ ዘርዝረው ጽፈዋል። ባሪ ባሪሽ ደግሞ ከቅንጣት ፊዚክስ መጥተው ግዙፉን ፕሮጀክት መልክ ያስያዙ ናቸው። ስለዚህ ራስሽን «ሊቅ ነኝ ወይ?» እያልሽ አታድክሚ። ሌዘርና መስታወት ነው የሚስብሽ፣ ኮምፒውተር ላይ የጥቁር ጉድጓዶችን ግጭት ማስላት ነው፣ ወይስ ከመረጃ ውስጥ ምልክት ለይቶ ማውጣት?

መልሱን በሐሳብ አታገኚውም፤ ሞክሪው። የላይጎና በጣሊያን ያለው አቻው የቪርጎ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። የ2015ቱን ምልክት አውርጂና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ክፈቺው። በመጀመሪያ የምታዪው የተመሰቃቀለ መስመር ብቻ ነው። ጫጫታውን ደረጃ በደረጃ ስታጣሪው ከ35 ኸርዝ (በሰከንድ 35 ንዝረት) ገደማ ተነሥቶ እስከ 250 ኸርዝ የሚወጣ አጭር ቅስት ይወጣልሻል። ለዚህ ሦስት ወር ስጪው። በገዛ እጅሽ ያንን ቅስት ካየሽ በኋላ የሚሰማሽን ስሜት እኔ ልነግርሽ አልችልም፤ ግን የሚወስንልሽ እሱ ነው።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ቋሚ የምርምር ቦታ ጥቂት ነው። ከዶክትሬት በኋላ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በሚታደስ ውል ከአገር ወደ አገር መዘዋወር የተለመደ ነው፤ ለትዳርም ለወላጅም ከባድ ነው። አማካሪ ስትመርጪ ከዝናው ይልቅ የቀድሞ ተማሪዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ ጠይቂ፤ ራሳቸውንም አነጋግሪያቸው። ከምርምር ብትወጪም ደካማ ምልክትን ከጫጫታ መለየት የሚችል ሰው በሕክምና ምስልም በመገናኛም ሥራ አያጣም።

ጊዜው ግን ለአንቺ ዕድሜ ምቹ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2030ዎቹ ሊያመጥቀው ያቀደው ሊዛ የተባለ በጠፈር ላይ የሚሠራ የስበት ሞገድ መመርመሪያ፣ እርስ በርስ 2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሦስት መንኮራኩሮች ይኖሩታል። መረጃው ሲመጣ የሚያነቡት ዛሬ በአንቺ ደረጃ ያሉ ተማሪዎች ናቸው።

የማመልከቻ ደብዳቤሽን ስትጽፊ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይን እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ያጣራሽውን ቅስት፣ የተሳሳትሽበትን ቦታና ስሕተቱን እንዴት እንዳገኘሽው ጻፊ።